ያላረፈው ቴሌቪዥን

በህንፃው ውስጥ ጋሼ ሶኬት ነው የሚባሉት። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚጠራው የጡረታ መስሪያ ቤቱ ብቻ ነው፤ አንድ ልጅ አለቻቸው፣ እሷም "አባዬ" ስለምትል አትቆጠርም። ቅፅል ስሙ የወጣላቸው ደረጃው ላይ ነው። ሰው ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት "ካውያውን ነቅለሃል?" ይላሉ። መልሱ "ነቅያለሁ" ከሆነ እጃቸውን ዘርግተው ይጨብጣሉ። "እንጃ፣ የነቀልኩ ይመስለኛል" ያለ ሰው ግን ጉዱ ፈላ፤ እዚያው ቆመው ቤቱ ድረስ መልሰው ይሰዱታል። አንዳንዱ ጎረቤት ኮቴያቸውን ሲሰማ በሩን ከውስጥ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ እስኪያልፉ ይጠብቃል።

ይህን አመል ያመጣባቸው ስራቸው ነው። ሰላሳ አንድ አመት የእሳት አደጋ ሰራተኛ ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ቤት ሲቃጠል አይተው ሲያበቁ ይዘው የወጡት አንድ እምነት ነው፤ ሰው ተኝቶ ሶኬት ላይ የተሰካ እቃ ካለ፣ ያ ቤት በሰላም ያደረው በእድሉ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ልክ ሶስት ሰዓት ሲሆን ዙር ይወጣሉ። ወጥ ቤት ገብተው የውሃ ማፍያውን ይነቅላሉ፣ ራዲዮኑን ይነቅላሉ፣ የራስጌ መብራቱን ይነቅላሉ፣ ሳሎን መጥተው ቴሌቪዥኑንና የኢንተርኔቱን ሳጥን የያዘውን ማከፋፈያ ከግድግዳው ይነቅላሉ። የሚተርፈው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። እሱም የተረፈው ሚስታቸው በህይወት ሳለች "ማቀዝቀዣውን ከነቀልክ እኔንም አብረህ ንቀለኝ" ብላ አፏን ሞልታ ስለተናገረች ነው።

ዙሩ ሲያልቅ መዝገብ አለ። ባለ መቶ ገፅ የተማሪ ደብተር ነው፤ አሰማመሩ ግን እንደ መስሪያ ቤቱ የተረኛ መዝገብ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሁኔታ። "3:00 ዙር ተጀመረ። 3:06 ተጠናቀቀ። ችግር የለም።" ሚስታቸው አልጋ ላይ ሆና ትስቅባቸው ነበር።

"ለማን ነው ይሄ ሁሉ ሪፖርት?"

"ለሚመለከተው ክፍል።"

"የሚመለከተው ክፍል ማነው?"

"አንቺ ነሻ።"

ሚስታቸው ካለፈች ሁለት አመት ሆኗታል። መዝገቡ ግን አንድ ቀን አልተቋረጠም።

ቴሌቪዥኑን ያመጣችላቸው ልጃቸው ናት፤ እናቷ በተቀበረች በወሩ። የምትኖረው በአውቶብስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፣ ልጅ የላትም፣ ከአባቷ ጋር የሚያመሳስላት ነገር ቢኖር ማታ ቤቷን የምትከፍተው በራሷ ቁልፍ መሆኑ ነው። ያኔ መጥታ ቴሌቪዥኑን ግድግዳው ላይ አሰቀለች፣ አናቱ ላይ ትንሽ ካሜራ አስቀመጠችና "እንግዲህ እሁድ እሁድ ሰባት ሰዓት ላይ አብረን ምሳ እንበላለን" አለች። የአባቷ ስልክ ባለቁልፍ ነው፤ ምስል የሚባል ነገር አያውቅም። እንዳለችውም ሆነ። እሁድ ሰባት ሰዓት ሲል ቴሌቪዥኑ ይጠራል፣ ጋሼ ሶኬት አረንጓዴውን ይጫናሉ፣ ልጃቸው ከነጠረጴዛዋ ግድግዳው ላይ ትመጣለች። እሷ ከዚያ፣ እሳቸው ከዚህ፣ እያወሩ ይበላሉ።

ይህ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእሳቸው ግን አልነበረም። ስራ ላይ እያሉ እሁድ ማለት ተረኛነት ነበር። ባልደረቦቻቸው ሰርግ ሲኖራቸው፣ ልጅ ሲታመምባቸው፣ አንዳንዴም እንዲሁ ሲያሰኛቸው "እባክህ ተካኝ" ይሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባቸውም። ሚስታቸው ድርሻቸውን ሳህን ላይ አድርጋ በሌላ ሳህን ከድና ትተኛለች። ሲገቡ መብራት ሳያበሩ፣ የክዳኑን ሳህን ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ያነሱና ወጥ ቤት ቆመው የቀዘቀዘውን ይበላሉ። ልጅቷን ሁልጊዜ ተኝታ ነው የሚያገኟት። ግንባሯን ስመው ያልፋሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ አደገች፣ ሄደች። ከልጃቸው ጋር የእሁድ ምሳ በወጉ መብላት የጀመሩት እሷ አርባ ሲሞላት ነው፣ እሱም በመስታወት ውስጥ። ቢሆንም ተመስገን ብለው ነበር።

ከዚያ አንድ እሁድ ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ቴሌቪዥኑ አልጠራም። በልጃቸው ፊት ምትክ ፅሁፍ መጣ። "ይህን አገልግሎት ለመጠቀም ቴሌቪዥንዎን ያሻሽሉ።" እሺ የሚለውን ተጫኑ። "ማሻሻያው በመዘጋጀት ላይ ነው። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።" ታገሱ። በማግስቱ ጠዋት ሲከፍቱት "ማሻሻያው አልተጫነም። እንደገና ይሞክሩ" አለ።

የእነዚህ እቃዎች ትህትና ያናድዳል። ሰው ቢሆን "አልቻልኩም፣ ምን ላድርግህ" ይላል፣ ትጣላዋለህ፣ ይወጣልሃል። ይሄ ግን "እናመሰግናለን"፣ "እባክዎ"፣ "እንደገና ይሞክሩ" እያለ በየቀኑ ፊት ይነሳል። ጋሼ ሶኬት እንደገና ሞከሩ። አጥፍተው አበሩ። ሪሞቱን ባትሪ ቀየሩለት። ነቅለው ሰኩ፣ ይሄኛውን በሙሉ ልባቸው ነው ያደረጉት። ሁሉንም መዝገቡ ላይ አሰፈሩ፤ "ማክሰኞ። ቴሌቪዥን፦ እምቢ ብሏል።" "ረቡዕ። እምቢ እንዳለ ነው።" "ሐሙስ። ያው።"

ሁለተኛው እሁድ እንዲሁ አለፈ። ሶስተኛውም። ልጃቸው በስልክ ደወለች።

"በላህ አባዬ?"

"በላሁ። አንቺስ?"

"በላሁ።"

እሳቸው አልበሉም ነበር። የቴሌቪዥኑን ነገር ከስር ከመሰረቱ ሲያስረዷት ሰማቻቸውና "አይ፣ ካልሆነ ይቅር በቃ። ራስህን አታስጨንቅ" አለች።

ይቅር። ስልኩን ዘግተው ይህችን ቃል ሲያገላብጡ ዋሉ። ድምፅዋ ውስጥ መገላገል ነበር እንዴ? ቢኖርስ ይፈረድባታል? ሳምንቱን ሙሉ ስታስተምር ከርማ፣ ባላት አንድ እሁድ፣ የጉልበቱን ህመምና የደረጃውን መብራት የሚተርክ ሽማግሌ ፊት መቀመጥ ማንን ደስ ይላል? ምናልባት ልጅቷ ስትሰለች ከርማ፣ ይሉኝታ ይዟት፣ አሁን እቃው ራሱ ገላገላት። ቴሌቪዥኑ ካልተሰራ እሁድ በዚያው እንደሚቀር ገባቸው፤ አንዴ ከቀረ ደግሞ ማን ይመልሰዋል?

ማክሰኞ ጠዋት ከህንፃው ስር ወዳለው የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ ወረዱ። ባለሱቋ ሴት ናት፤ አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ መነፅሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሰው ይልቅ ከእቃ ጋር የምታወራ። ቦርሳዋን ይዛ አብራቸው ወጣች። ቴሌቪዥኑን ከፍታ "ምን ሆንክ አንተ?" አለችው። ኢንተርኔቱን አየች፣ ይሰራል። ቦታ ሞልቶበት እንደሆነ አየች፤ ማንም የማይከፍታቸውን ጨዋታዎች አጠፋችለት። ከዚያ ማሻሻያውን አዘዘችና ቦርሳዋን አነሳች።

"ጨርሰናል ጋሼ። ማታ አይተው ሲጨርሱ በሪሞቱ ያጥፉትና እንዳለ ይተዉት። እርስዎ ሲተኙ እሱ ራሱ ስራውን ይጨርሳል።"

"እንዳለ?"

"እንዳለ። አይነካካ።"

አልነካኩትም። ማታ ሶስት ሰዓት ላይ በሪሞቱ አጠፉት፣ ዙራቸውን ዞሩ፣ መዝገባቸውን መዘገቡ፣ ተኙ። ጠዋት "ማሻሻያው አልተጫነም። እንደገና ይሞክሩ" አላቸው። ረቡዕ ሌሊትም ያው፣ ሐሙስም ያው። አርብ ተመልሰው ሱቁ በር ላይ ሲቆሙ ባለሙያዋ ፊታቸውን አይታ ሳትጠይቅ ቦርሳዋን አነሳች።

በዚህኛው ዙር ማሻሻያውን ፍላሽ ላይ ጭና ነበር የመጣችው። ቴሌቪዥኑ ፍላሹን አየው፣ አልተቀበለውም። "እሺ፣ ትዕቢተኛ ነህ" አለችውና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ የቀረን ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ከዚያ በፊት ግን ታሪኩን ልየው።" መነፅሯን አደረገችና ጋሼ ሶኬት ገብተውበት የማያውቁትን ዝርዝር ማንበብ ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ ዞራ አየቻቸው።

"እዚህ ህንፃ ማታ ማታ መብራት ይጠፋል እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ጠፍቶ ቢሆን መዝገብ ላይ ይኖር ነበር" አሉና ደብተሩን አምጥተው በኩራት ሰጧት።

ባለሙያዋ አንድ አይኗን ደብተሩ ላይ፣ አንድ አይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ አነበበች። "ማክሰኞ፣ ሶስት ሰዓት ከአራት፣ ሃይል ተቋርጧል። ረቡዕ፣ ሶስት ሰዓት ከአራት፣ ሃይል ተቋርጧል። ትናንትም ሶስት ሰዓት ከአራት።" ገፁን ገለጠች። "ጋሼ፣ ይሄ 'ዙር' የሚሉት ምንድነው?"

አስረዷት። ማስረዳት ብቻ አይደለም፣ ከወጥ ቤት ጀምረው እየሄዱ አሳዩዋት። ማከፋፈያው ጋ ደርሰው ጎንበስ ሲሉ እሷ መነፅሯን አወለቀች።

"እንዳለ ይተዉት አላልኩዎትም?"

"ተውኩት እኮ! ጫፉን አልነካሁትም። ነቀልኩት እንጂ።"

ባለሙያዋ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ሳቀች። ስትጨርስ ግን አላሾፈችባቸውም። "ይኸውልዎት ጋሼ" አለች፣ "ይሄ ቴሌቪዥን አፕዴት የሚያደርገው ሲያርፍ ነው። ጠፍቶ፣ ግን ተሰክቶ። ቀይ መብራቱን አብርቶ ሲቀመጥ። ሲነቀል ያወረደው ሁሉ ውሃ ይበላውና ከዜሮ ይጀምራል። ቀንስ ያጠፉታል?"

ጋሼ ሶኬት ጎንበስ ብለው የማከፋፈያውን ገመድ ማስተካከል ያዙ። ቀን አያጠፉትም። ጠዋት አይናቸውን ሲገልጡ ይከፍቱታል፣ ማታ ሶስት ሰዓት ይዘጉታል። አያዩትም። ፍራሽ የሚያስተዋውቀው ሰውዬ፣ የአየር ሁኔታ የምትናገረው ልጅ፣ ስለ ኳስ የሚጨቃጨቁት ሁለቱ፣ ሁሉም ቤት ውስጥ ሲያወሩ ይውላሉ፤ እሳቸው ወጥ ቤት ሆነው ድንች እየላጡ "ውሸታም" ይላሉ አንዳንዴ። ሰው ያለ ይመስላል። ይህን ለባለሙያዋ መናገር አሳፈራቸው።

እሷ ግን ገባት። "ወይ ሲለፈልፍ ይውላል፣ ወይ ሞቶ ያድራል" አለች። "ማረፊያ አልሰጡትም። ዛሬ ሌሊት ሳይነቅሉት ያሳድሩት፣ አለቀ።"

"እሱስ አይሆንም።"

"አንድ ሌሊት?"

"ልጄ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ያሉትን ነው ሰላሳ አንድ አመት ስጎትት የኖርኩት።"

ሴትዮዋ ፊታቸውን አይታ ክርክሩን ተወችው። "እንግዲያው ነገ ቀን ይሁን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ያጥፉት፣ እስከ ማታ አይክፈቱት። ኢንተርኔትዎ ቀርፋፋ ነው፣ አስር አስራ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል።"

"ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ?"

"ጠፍቶ።"

"ድምፁም?"

"የጠፋ ነገር ድምፅ ከየት ያመጣል ጋሼ?" አለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቤቱ ጭር ይልብዎት ከሆነ ሰው ጋ ሄደው ይዋሉ።"

"የተሰካ ነገር ትቼ?" አሉ ጋሼ ሶኬት።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አጠፉት። ቀይዋ መብራት በራች። ከበረንዳው አሸዋ የሞላውን ቀይ ባልዲ አምጥተው ቴሌቪዥኑ ስር አስቀመጡ፣ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። መዝገቡ ላይ "1:00 ጥበቃ ተጀመረ" ብለው ፃፉ።

የመጀመሪያው ሰዓት እንዳልከፋ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ቤቱ መናገር ጀመረ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ያቆማል፣ ሲያቆም የሚተወው ዝምታ ከበፊቱ ይብሳል። ከላይ ፎቅ ወንበር ተጎተተ። ደረጃው ላይ ሰዎች እየሳቁ ወረዱ፣ ሳቃቸው ታች በሩ ጋ ሲደርስ ተቆረጠ። ጋሼ ሶኬት ውሃ ጠጡና የራሳቸው ጉሮሮ ሲውጥ ሰሙ። ይህን ድምፅ ሁለት አመት ሙሉ አልሰሙትም ነበር። ሚስታቸው የሞተች ሰሞን ከቀብር የተመለሱ ሰዎች ቤቱን ሞልተውት ነበር፣ ሰዎቹ ሲወጡ ቴሌቪዥኑ ገባ፤ እንግዲህ ብቻቸውን ሲቀሩ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው። እሳት ውስጥ ሲገቡ ያልፈሩ ሰውዬ የሳሎናቸው ዝምታ አስፈራቸው። ብቻዬን ነኝ ብለው አሰቡ፤ ብቻዬን ነኝ፣ ይሄው ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሪሞቱ እጃቸው ላይ ነበር። ሁለቴ አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደረሰ። ሁለቴ መለሱት። በመጨረሻ ተነስተው ሪሞቱን ማቀዝቀዣው አናት ላይ ሰቀሉና ተመለሱ።

ምሳቸውን ወጥ ቤት ቆመው በሉ። ከሰዓት በኋላ ለልጃቸው ለመደወል ስልኩን አነሱ። ምን ሊሏት? "ነገ ይሰራ ይሆናል" ቢሏትና እሷ መልሳ "ይቅር" ብትልስ? ስልኩን አስቀመጡ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ባልዲው ወረደች። መዝገቡ ላይ "9:00 ችግር የለም" ፃፉ፤ "11:00 ችግር የለም" ፃፉ። ሁለተኛውን ሲፅፉ እጃቸው ቆም አለች። የሚመለከተው ክፍል ቢኖር ኖሮ ይህን ውሸት አይቶ እንደማያልፍ ያውቁ ነበር፤ አልሰረዙትም ግን።

ከመሸ በኋላ፣ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ቀይዋ መብራት ነጭ ሆነች። ጋሼ ሶኬት ብድግ ብለው ባልዲውን አነሱ። ቴሌቪዥኑ በራሱ ጊዜ በራ፣ ጨለመ፣ መልሶ በራ። "ማሻሻያው ተጭኗል። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።"

"ምንም አይደል" አሉት ባልዲውን እንደያዙ።

ወዲያው ደወሉ። "ተሰራ" አሏት። "ነገ ሰባት ሰዓት፣ እንደ ድሮው? ካልደከመሽ ነው።" "እሺ አባዬ" አለችና ቶሎ ዘጋችው። ችኮላዋ የመልካም ይሁን የክፉ ሊገባቸው አልቻለም። ሶስት ሰዓት ላይ ዙራቸውን ዞረው ተኙ፣ ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

እሁድ ፂማቸውን ተላጩ። ቴሌቪዥኑን ሰኩት እንጂ አልከፈቱትም፤ ጠዋቱን ሙሉ በዝምታ ድንችና ካሮት ሰሩ፣ ዝምታው እንደ ትናንቱ አልጨከነባቸውም። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ምሳው ደረሰ። እንዳይቀዘቅዝ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድነው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ከሁለት ደቂቃ ሆነ። "ቀረች" አሉ ጮክ ብለው። ሰባት ሰዓት ከሶስት ላይ ቴሌቪዥኑ ጠራ።

ልጃቸው መጣች። ፀጉሯን አስራለች፣ ጠረጴዛዋ ያው ነው፣ ግድግዳዋ ያው ነው።

"ከስተሻል" አሉ።

"ስክሪኑ ነው አባዬ።"

"አዲሱ አፕዴት ያከሳል?"

ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፣ ሳቁና አይናቸው ከፊቷ አልፎ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ አረፈ። ከእሷ ሳህን ማዶ ሌላ ሳህን አለ፣ በሳህን ተከድኗል። ሰው አግኝታለች ማለት ነው፤ ደስ ሊላቸው ይገባል፣ ደስ ለማለትም ሞከሩ።

"እንግዳ አለሽ እንዴ? ከሆነ ሌላ ጊዜ ..."

"ማንም የለም።"

"ታዲያ ያ የተከደነው?"

ልጃቸው ሳህኑን ዞር ብላ አየችው። ሰርቃ እንደተያዘች ህፃን ጆሮዋ ቀላ። "ያንተ ነው" አለች።

"የኔ?"

"ባዶ ነው። ከፈለግህ ሳቅብኝ። የመጀመሪያ ጊዜ የቀረህበት እሁድ፣ ጥሪዬ አልገባ ሲል ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት ሆነ። ከዚያ ተነስቼ ሳህን አውጥቼ ከደንኩልህ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ነው። እማዬ ትከድንልህ አልነበር? ከዚያ በየእሁዱ ከደንኩ። ዛሬ እንደምትመጣ እያወቅኩም ከደንኩ።"

"ይቅር አልሽኝ እኮ" አሉ ጋሼ ሶኬት።

"አልሰራም አልሰራም ስትለኝ ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ ምን ልበልህ?"

ጋሼ ሶኬት የሳህኑን ጉዳይ ቀለል ሊያደርጉት ፈለጉ። "እንዴት አወቅሽው?" አሉ። "የሳህኑን ነገር። ያኔ እኮ ስመጣ ሁልጊዜ ተኝተሽ ነው የማገኝሽ።"

"አልተኛሁም ነበር።"

"ምን?"

"አይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ። ክዳኑን ስታነሳው ሳህኑን ነካ ያደርገዋል፣ ቀጭ ይላል። እሷን ስሰማ አባዬ ከእሳቱ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነበር የምተኛው።"

ያን ሁሉ አመት ያቺ ድምፅ እንዳትሰማ ነበር የተጠነቀቁት። ጨለማ ውስጥ ቆመው፣ ጭስ የለበሰ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር ክዳኑን የሚያነሱት።

"ቀስ አድርጌ ነበር የማነሳው" አሉ። "እንዳልቀሰቅስሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያልሰማሽኝ ቀንስ?"

ልጃቸው ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ባዶው ሳህን አየች። "ያን ቀን እስኪነጋ ነው" አለች።

ጋሼ ሶኬት ፊት ለፊታቸው ያለውን የራሳቸውን ሳህን አዩ፤ አሁንም እንደተከደነ ነው። እጃቸውን ሰደዱ። ክዳኑን ከአንድ ጎን አነሱና መልሰው ለቀቁት፣ ቤቱ ሙሉ ቀጭ አለ። እንደገና አነሱት።

"ሰማሁህ" አለች ልጃቸው።

ከዚያ ሁለቱም መብላት ጀመሩ።